እንዝርትና መቀነት፤ በእንጦጦ ግርጌ የአንዲት አያት ውሎ

አንድን ከተማ ለማየት የሚሄድ እንግዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቤተ መንግሥቱ፥ ስለ ሐውልቱና ስለ አደባባዩ ነው። ይህም የሚነቀፍ አይደለም፤ የነገሥታት ሥራ ለትውልድ የሚታይ ነውና። ነገር ግን ከተማ በሐውልት ብቻ አይቆምም። ከተማን ከተማ የሚያሰኘው በየጓዳው ሳይታይ የሚሠራው ሥራ፥ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚመላለሰው እግር፥ ለለቅሶ የሚተከለው ድንኳንና ለዝክር የሚጋገረው ዳቦ ነው። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ የተከበሩ አንባቢዎቻችንን ይዘን የምንሄደው ወደ ታወቀ ሐውልት ሳይሆን፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ወደሚኖሩ አንዲት አያት ቤት ነው። ሁለት ቀን አብረናቸው ውለን ያየነውን እንዳየነው እንጽፋለን። ስማቸውን መጻፍ ግን አላስፈለገንም፤ እንደ እሳቸው ያሉ እናት በየቤቱ አሉና፥ አንባቢ የገዛ አያቱን ስም ቢተካበት ብዙ አይሳሳትም።

በአዲስ አበባ ከስድስት ኪሎ አደባባይ፥ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ሐውልት ከቆመበት ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገድ አለ። ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረውንና በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠውን ግቢ ትቶ፥ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ፥ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ አቀበቱ እየበረታ ይሄዳል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የእንጦጦ ራስ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ከተማቸው በዚህ ተራራ ላይ ነበር፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ፥ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ የሆነው፥ ወደ አገራችን የገባው በዚያው ዘመን ነው። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ዛሬም በዚህ መንገድ የማያይ መንገደኛ የለም።

ሽሮ ሜዳ የታወቀው በሸማው ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጠላው፥ ጋቢው፥ ኩታው፥ ባለ ጥበቡ ቀሚስ በየሱቁ ደጅ ተሰቅሎ ነፋስ ሲያወዛውዘው፥ የጥምቀት ዋዜማ የደረሰ ይመስላል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሸማኔዎች ከሱቆቹ ኋላ ባሉት ሰፈሮች ይኖራሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው ከጋሞ ደጋ፥ ከአርባ ምንጭ በላይ ካሉት ከጨንቻና ከዶርዜ ነው። አባት ለልጅ፥ ልጅም ለልጅ ልጅ መወርወሪያውን እያቀበለ እስከ ዛሬ አድርሶታል። ለመስቀል በዓል ከተማውን ለቀው ወደ ትውልድ መንደራቸው ስለሚሄዱ፥ ሸማ ያዘዘ ሰው ሥራው ከዚያ በፊት ካላለቀለት እስከሚመለሱ ድረስ መታገሥ ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ የምንጎበኛቸው እናት ቤት ከሸማው ሱቆች በስተላይ፥ በኮብልስቶን በተነጠፈ ጠባብ መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ ደጁ ጤና አዳምና በሶብላ የበቀለበት ነው። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት አልፏል። የተወለዱት በቡልጋ ሲሆን፥ በጋብቻ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለግሉ የነበሩት ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሴት ልጃቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። አንደኛው የልጅ ልጅ የ18 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ በዚህ ዓመት ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ የመግቢያውን ቀን ይጠባበቅ ነበር። ሁለተኛዋ የ11 ዓመት ልጅ ናት።

እኛ የሄድነው ከኅዳር ሚካኤል በፊት ባለው ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ሁለት ነገሮች በእኚህ እናት ራስ ላይ ተደራርበው ነበር። የመጀመሪያው፥ የማኅበረ ሚካኤል ጽዋ ተራ ለኅዳር 12 ቀን የደረሰው ለእሳቸው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ለልጅ ልጃቸው የታሰበው ጋቢ ከሸማኔው እጅ መውጣት ያለበት በዚያው ሳምንት መሆኑ ነው። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ ግን በመቀነታቸው ቋጠሮ ውስጥ አልነበረም።

ማክሰኞ ጧት፥ ገና ጎሕ ሳይቀድ፥ ከኪዳን ጸሎት ለመድረስ ወጡ። እኛም ተከተልናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሲደርሱ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፥ በሩን ተሳልመው፥ ከሴቶች በኩል ቆሙ። ከጸሎት በኋላ ሲመለሱ ቤተ ሰቡ ነቅቷል። የልጅቱን ፀጉር አበጠሩ፥ ጎልማሳውን ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ላኩት፥ ሴት ልጃቸው ወደ ሥራ ስትወጣ ምሳዋን ቋጥረው ሰጧት። ቤቱ ጸጥ ባለ ጊዜ ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ስንዴ በአንድ የሰፈር ልጅ አሸክመው ወደ ወፍጮ ቤት ወረዱ። ይህ የሚካኤል ስንዴ ነው። ራሳቸው ለቅመውት፥ ራሳቸው አጥበው በፀሐይ አድርቀውታል። ወፍጮው እስኪያልቅ ድረስም ከደጃፉ አልተነቀሉም፤ «የዝክር እህል ከሌላ እህል እንዳይቀላቀል ዓይን ያስፈልገዋል» አሉን።

ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ በጎረቤት አንዲት አራስ ነበረችና ወደ እርስዋ ጎራ አሉ። በእጃቸው የያዙት ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ፥ በእጥበት ብዛት የለሰለሰ ጨርቅ ነው። ነጠላ አርጅቶ አይጣልም፤ ለሕፃን ገላ ከእርሱ የሚስማማ ነገር የለም። ያ ጨርቅ ከ20 ዓመት በፊት በራሳቸው እጅ የተፈተለ እንደ ሆነ ነገሩን። ከዚያም በሰፈሩ መጨረሻ ለቅሶ ነበረና በዚያ ደግሞ አለፉ። ከድንኳኑ ከመግባታቸው በፊት ቆም ብለው ነጠላቸውን ገለበጡ፤ ታች የነበረው ጥለት ወደ አንገታቸው ወጣ። የኀዘን አለባበስ ይህ ነው። በአንድ ቀን፥ በአንድ ነጠላ፥ በኪዳን ጸሎት፥ በአራስ ቤትና በለቅሶ ቤት ሲያልፉ አየን። ነጠላዋ ያው አንዲቷ ናት፤ አጣጣሏ ግን ለእግዚአብሔር፥ ለተወለደውና ለሞተው ልዩ ልዩ ነው።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ምሳቸውን ቀምሰው ከደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ፤ እንዝርታቸውንም አነሡ። የመፈተልን ሥራ ያላየ የዛሬ ልጅ ይኖራልና በጥቂቱ እናስረዳ። ጥጥ መጀመሪያ ፍሬው ይወጣለታል፤ ይህም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየተዳመጠ ነው። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ጥጡን እያንዘረዘረ ሲያፍታታው እንደ ደመና የሳሳ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይባላል። ፈታዪቱ አመልማሎውን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ፥ የእንዝርቱን እግር በጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው፥ ጥጡ እየተሳበ፥ እየከረረ ክር ይሆናል። ክሩ በእንዝርቱ ላይ ከሞላ በኋላ ተገልብጦ ልቃቂት ይሆናል። ነገሩ ለአፍ ቀላል ነው። ሆኖም ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የሆነ፥ በመካከሉ የማይበጠስና የማይቋጠር ክር ለመፍተል የብዙ ዓመት እጅ ያስፈልጋል። እኚህ እናት ክሩን አያዩትም፤ በጣታቸው ይሰሙታል። ከእኛ ጋር እየተጫወቱ፥ ከአጥር ማዶ ለሚያልፈው ሰላምታ እየመለሱ፥ እንዝርቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተባቸውም።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አይፈትሉም። በእሑድ ሰንበት፥ በ12 ለሚካኤል፥ በ21 ለእመቤታችን፥ በ29 ለበዓለ ወልድ፥ እንዲሁም በሌሎች ባከበሯቸው በዓላት እንዝርቱ ከመሶቡ ሥር ተሸፍኖ ይውላል። «በዓል የጣት ዕረፍት ነው፤ በዓልን ያላከበረ ጣት ቢፈትልም ክሩ አይባረክም» ይላሉ። እኛም ይህን ስንሰማ፥ ሥራን ከሚወዱት ይልቅ ሥራን በልክ የያዙት ብዙ ዘመን እንደሚሠሩ አሰብን።

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ተመለሰች፤ ጎረቤቶችም ለቡና ተሰበሰቡ። ቡናው ሲቆላ ልጅቱ ከጓዳ አንድ የተጀመረ ስፌት ይዛ ወጣች። በመስከረም ወር ተለቅሞ የደረቀ ስንደዶ፥ የሚጠቀለልበት አክርማና ቀይና አረንጓዴ የተነከረ አለላ ከፊቷ ዘረጋች። ስንደዶውን እያዞረች፥ በወስፌ እየወጋች፥ አክርማውን ታሳልፋለች። ከእርስዋ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ያለፈው ዓመት ሥራዋ፥ የመጀመሪያዋ ሙዳይ ተቀምጣለች፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች ናት። አያቷ አላፈረሱባትም፤ የጨው ማስቀመጫ አድርገው በየቀኑ ይጠቀሙባታል። ልጅቱም ሙዳይቱን ባየች ቁጥር የስሕተቷን ስፍራ ታውቀዋለች፤ ሁለተኛው ስፌቷም ቀጥ ብሎ እየወጣ ነው። ይህ ዓይነቱ አስተማሪነት በቃል የተሞላ አይደለም፤ ነገር ግን ከብዙ ተግሣጽ የበለጠ ያስተምራል።

በማግስቱ ረቡዕ ወደ ሸማኔው ቤት አብረናቸው ወረድን። ሦስት ልቃቂት በእንቅብ ይዘዋል፤ ሁለቱ ለሽያጭ፥ አንዱ ለጋቢው ማሟያ የሚሆን ነው። ሸማኔው በመሬት በተቆፈረ ጉድጓድ ዳር ተቀምጦ፥ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ፥ መርገጫውን በእግሩ እየረገጠ፥ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። ሚስቱ በጎኑ ሆና ክሩን በቀሰም ላይ ታደውራለች። እናታችንን ባየ ጊዜ ብድግ ብሎ፥ «እማማ፥ ደኅና ዋሉ?» ሲል ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። እሳቸውም፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጄ፤ ልጆቹስ፥ ቤቱስ፥ ከብቱስ?» ሲሉ በጨንቻ ስላለው ቤተ ሰቡ ሳይቀር ጠየቁት። ዋጋ የተነሣው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ተማርን። ዛሬ በሽሮ ሜዳ የሚሠራው ሸማ በብዙው ከሁለት ወገን የተገናኘ ነው። በርዝመት የሚዘረጋው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በወርድ የሚገባው ማጉ ግን ከሴቶች እጅ የወጣ ፈትል ነው። የፋብሪካው ክር ጠንካራና እኩል ስለ ሆነ መወጠርን ይችላል፤ የእጅ ፈትሉ ለስላሳና ሙቀትን የሚይዝ ስለ ሆነ ለገላ ይስማማል። አንዱ ያለ ሌላው ሸማ አይሆንም። ይህን የጋራ ኑሮ የሚያሰጋው ፋብሪካው ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ ከውጭ አገር በመኪና ታትሞ የሚመጣው የጥበብ አምሳያ ጨርቅ። ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ ይመስላል፤ ዋጋውም የቀለለ ነው። ነገር ግን በውስጡ የፈታይም የሸማኔም ቀን የለበትም። እርሱ በተገዛ ቁጥር የአንዲት እናት እንዝርትና የአንድ ሸማኔ መወርወሪያ ሥራ ይፈታሉ።

የልጅ ልጁ ጋቢ በመሣሪያው ላይ ነበር። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ማጉን የፈተሉት ክረምቱን ሙሉ፥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው። «ደብረ ብርሃን የተማሪ ቤት አልጋ ብርድ ልብስ አለው ይሉኛል፤ የዚያን አገር ውርጭ ግን እኔ አውቀዋለሁ፥ ቡልጋ ጎረቤቱ ነው» አሉ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፥ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፥ ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ሸማኔው ቅዳሜ እንደሚያደርስ ተናግሮ፥ ልቃቂቱን በሚዛን መዝኖ ዋጋውን ከፈላቸው። እሳቸው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጥረው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከቋጠሮው ግን የሸማኔውን የእጅ ዋጋ ከከፈሉ ለዝክሩ ጌሾና ለሻማ የሚተርፍ አልነበረም፤ ለዝክሩ ካዋሉት ደግሞ ጋቢው ከሸማኔው ቤት ሊወጣ አልቻለም።

ማታ የበኵር ልጃቸው መጣ። በከተማው ሌላ ወገን የሚኖር፥ ቤት ንብረት ያለው ሰው ነው። እኅቱ አስቀድማ ነገሩን ነግራው ኖሮ፥ ራት ከተበላ በኋላ እንዲህ ሲል ጀመረ፤

«እማዬ፥ ይህ መፍተል ይብቃሽ። የጋቢውንም የዝክሩንም ሁሉ እኔ እከፍላለሁ። ሰው እናቱን ለገበያ ያስፈትላል ሲሉኝ አፍራለሁ።»

ሴት ልጃቸውም ቀጠለች፤ «ዓይንሽም ደክሟል። ጥጥ በነደፍሽ ማግሥት ሌሊቱን ሙሉ ስትስይ እሰማለሁ። ስለ ምን ትደክሚያለሽ? ዕረፊ።»

እናታችን ወዲያው አልመለሱም። እሳቱን ጫር ጫር አደረጉ፤ ከዚያም መቀነታቸውን ፈትተው ቋጠሮውን በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ቁጠረው» አሉት።

እርሱም ቆጠረ። ብዙ አልነበረም።

«የአባታችሁ ጡረታ ለቤቱ ይገባል፤ እሰየው፥ ይግባ። አንተ የምትሰጠኝም ለጤፍና ለዘይት ይውላል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህች ግን የእኔ ናት። የዕድሬን ወርኃዊ ከዚህች እከፍላለሁ። ለአራሷ እጄን የምዘረጋው፥ ለቅሶ ቤት ባዶ እጄን የማልገባው፥ ለዚህች ልጅ ደብተር፥ ለደጀ ሰላሙ ነዳይ፥ ለሻማዬ፥ ሁሉ ከዚህች ነው። የሚካኤልን ዝክር አንተ ከከፈልህ ዝክሩ የአንተ ነው፤ ደግ ነው፥ ግን የእኔ አይደለም። እኔ ወጥቼ እጄን ስዘረጋ የምሰጠው የምለምነውን ከሆነ፥ እኔ ምን ሰጠሁ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቱ እንኳ ወስፌዋን አቆመች። ልጃቸው ቋጠሮውን ይዞ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ እንደ ነበረ ቋጥሮ መልሶ በእናቱ እጅ አኖረው።

«እንግዲያው የጋቢውን የሸማኔ ዋጋ ለእኔ ተዪልኝ፤ የእኅቴ ልጅ ነውና ድርሻ ይኑረኝ» አለ።

«እርሱን እሺ» አሉ። «ድሩ ከአንተ፥ ማጉ ከእኔ ይሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ አይደል?»

ሴት ልጃቸው ግን ስለ ሳሉ በቀላሉ አልተለቀቀችም። የጥጥ ብናኝ ሳንባን እንደሚጎዳ ሐኪም ነግሯት ነበርና፥ እውነት ነበራት። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ጥጥ መዳመጥና መንደፍ ይቀራል፥ ባዘቶው ከገበያ ተዘጋጅቶ ይገዛል፤ የሚፈተለውም በደጅ፥ በቀን ብርሃን፥ ነፋስ በሚያልፍበት ስፍራ ብቻ ይሆናል፤ ከኅዳር ሚካኤል በኋላም የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። እናታችን ባዘቶ መግዛት ትርፉን እንደሚቀንስ አውቀው ትንሽ አጉረመረሙ፤ ሆኖም ተቀበሉ። ሁሉም ያሰበውን በሙሉ አላገኘም፤ ሁሉም ግን የሚያስፈልገውን አገኘ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ለኅዳር 12 ቀን ማታ እኛም ተጠርተን ነበር። ዳቦው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ተጋግሮ፥ ጠላው ጠልሎ፥ ንፍሮው በሰፌድ ቀርቦ፥ የማኅበሩ ካህን ጸሎት አደረሱ። የማኅበሩ ሙሴ ጽዋውን ለተረኛዋ አስረከቡ። ጎልማሳው ቅዳሜ ከሸማኔው ቤት የመጣውን ጋቢ ደርቦ እንግዶችን ያስተናግድ ነበር። አንዲት አሮጊት የጋቢውን ጫፍ በጣቶቻቸው ዳስሰው፥ «ይህ የአንቺ ፈትል ነው» አሉ፤ ስም ሳይነገራቸው በእጃቸው አወቁት። በእንግዶቹ መካከል ሆነን ስንመለከት፥ ያ ሁሉ ዳቦና ሻማ ከጣት ጫፍ እንደ ወጣ ክር ሆኖ ታየን።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ምክር ይደረጋል። እናት አርጅታለች፥ ትረፍ፤ ስፌቱን ትተው፥ እንዝርቱን ታስቀምጠው፥ ከገበያ ትቅር እንላለን። የምንለው ከፍቅር ነው፤ ለጤንነታቸው መሥጋታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥራውን ከእጃቸው ከመውሰዳችን በፊት፥ ሥራው ምን እንደሚገዛላቸው እንጠይቅ። ለእኛ ጥቂት ብር የሚመስለን፥ ለእነርሱ ከሰው ፊት ቆመው የሚሰጡበት፥ በማኅበርና በዕድር ስማቸው የሚጠራበት ሀብት ሊሆን ይችላል። የምንጦረው ሰው ተቀባይ ብቻ ሆኖ እንዲኖር ከፈረድንበት፥ ሆዱን አጥግበን ክብሩን አስርበነዋል።

ስለዚህ የሚጎዳውን እንቀንስ እንጂ የሚያኖረውን አንንጠቅ። ብናኙን እናርቅ፥ መነጽሩን እንግዛ፥ ብርሃን ወዳለበት መቀመጫውን እናውጣ፤ እንዝርቱን ግን በስፍራው እንተው። ሸማ ስንገዛም፥ ይልቁንም በጥምቀት ዋዜማ፥ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብለን ወደ ገበያ በምንወጣበት ጊዜ፥ ጨርቁን ገልበጥ አድርገን ማጉን በጣታችን እንዳስ። በመካከሉ ጥቂት ሻከር፥ ጥቂት ወፈር ያለ ክር ካገኘን፥ ያ ጉድለት አይደለም፤ በአንድ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፥ ለሚያልፈው ሰላምታ እየመለሱ የፈተሉት የአንዲት እናት ጣት ነው። ዋጋውን ስንከፍልም፥ አንድ ሻማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፥ አንድ ዳቦ በአንድ ማኅበር፥ አንድ ደብተር በአንዲት ልጅ ቦርሳ እንደምንጨምር እንወቅ።